ሮቦቲክስና ራሱን የሚነዳ መኪና በኦንላይን ስለመማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትልቅ ላቦራቶሪ ያልገባ ሰው ይህን ሙያ አይማረውም»

ዕውቀቱን ወደ ኢንተርኔት ያወጡት ላቦራቶሪው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ2004 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ባዘጋጀው ሾፌር አልባ መኪኖች የበረሃ ውድድር ከመጨረሻው የደረሰ አንድም መኪና አልነበረም። በዓመቱ አምስት መኪኖች ጨረሱ፤ 212 ኪሎ ሜትሩን ቀድማ ያጠናቀቀችው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ «ስታንሊ» ነበረች። የቡድኑ መሪ ሰባስቲያን ትረን በ2011 ከኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያው ፒተር ኖርቪግ ጋር የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ በነፃ ሲከፍት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2012 ደግሞ ለሮቦት መኪና ፕሮግራም መጻፍን የሚያስተምር ኮርስ ተከተለ። ትምህርቱ ሞልቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ቪዲዮውን አቁሞ ኮዱን በራስ እጅ የመጻፍ ትዕግሥት ነው።

«ለመጀመር ውድ ዕቃ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌርም ሆነ ጋዜቦ የተባለው ሲሙሌተር (ሮቦትን በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) በነፃ ይገኛሉ። በጀርመኗ ካርልስሩኸ መንገዶች ላይ በካሜራና በላይዳር (በሌዘር ጨረር ርቀትን በሚለካ መሣሪያ) የተቀዳው የኪቲ ዳታም ከ2012 ጀምሮ ለጥናት ክፍት ነው። ካርላ የተባለው የመኪና ሲሙሌተር ግን ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ፣ ላፕቶፑ ደካማ የሆነ ሰው በእሱ ባይጀምር ይሻለዋል።

«ዲፕ ለርኒንግ ከቻልኩ ሌላው ትርፍ ነው»

ዲፕ ለርኒንግ ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ ተምሮ ነገሮችን እንዲለይ የሚያደርግ ስልት ነው። ይህ ሐሳብ ግን ጎበዝ ተማሪዎችን መንገድ ላይ ሲያስቀር ማየት ያሳዝነኛል። ከፊት ያለው እግረኛ መሆኑን መለየት የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። መኪናው ያለበትን ቦታ ማወቅ፣ የሚሄድበትን ማቀድ፣ መሪውንም በልክ ማዞር አለበት። ለመሪው ዛሬም በሰፊው የሚያገለግለው ፒአይዲ የተባለው፣ ከሚፈለገው የራቀውን እየለካ የሚያርም የቁጥጥር ስልት ነው፤ ኒኮላስ ሚኖርስኪ የመርከብ መሪን ሲያጠና መሠረቱን የጻፈው በ1922 ነው። ቦታን ለማወቅ የሚረዳው የካልማን ፊልተር ደግሞ ከ1960 ጀምሮ አለ። ጂፒኤስ «እዚህ ነህ» ሲል የጎማው ሴንሰር «የለም፣ ትንሽ ወደዚያ» ይላል፤ ፊልተሩ ሁለቱንም በሚታመኑበት መጠን መዝኖ ያስታርቃቸዋል። እዚህ ላይ ፕሮባቢሊቲና ማትሪክስ ግድ ይላሉ። ግን «ሒሳቡን ሁሉ ልጨርስና እጀምራለሁ» ያለ ሰው ሲጀምር አይታይም፤ ፕሮጀክቱ የጠየቀውን ያህል እየተማሩ መሄድ ይሻላል።

«ሲሙሌተር ላይ ከሠራ አለቀ»

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ባለሁለት ሞተር ትንሽ ሮቦት እንውሰድ። ለሁለቱም ሞተሮች እኩል ኃይል ሲሰጥ፣ ሲሙሌተሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወለል ላይ ሲለቀቅ ግን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሞተሮች እንኳ እኩል አይዞሩም፤ የአንደኛው የማርሽ ጥርስ ከሌላው ይበልጥ ይፋተጋል፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ነገሩ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ የጎማውን ዙር የሚቆጥር ኤንኮደር ይገጠማል፣ ፒአይዲውም ልዩነቱን ያርማል። እርማቱ ሲበዛ ሮቦቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሲያንስ ኩርባ ላይ ይዘገይና ከመስመሩ ይወጣል። ይህ ተስተካክሎም ጎማው ለስላሳ ወለል ላይ ከተንሸራተተ፣ ሮቦቱ ሳይራመድ ኤንኮደሩ መቁጠሩን ይቀጥላል። ካርታው ላይ ሮቦቱ በሩን አልፏል፤ በእውን ግን ግድግዳውን እየገፋ ነው። አደገኛ ሁኔታን ደጋግሞ ለመሞከር ከሲሙሌተር የተሻለ የለም፤ ኮርሶቹ የማያስተምሩት ግን ይሄንን ግድግዳ ነው፣ ስለዚህ ርካሽም ቢሆን አንድ እውነተኛ ሮቦት መሥራት የግድ ነው እላለሁ።

«ሰርተፊኬቱ ሥራ ያስገኝልኛል»

ሰርተፊኬት የሚመሰክረው ኮርሱ ማለቁን ነው። የመንገድ መስመር የሚለየውን የኮርስ ፕሮጀክት ብዙ ሺህ ሰዎች ሠርተውታል፤ የቀጣሪን ዓይን የሚይዘው ከዚያ ያለፈው ነው። ያንኑ ኮድ በራስ በተቀዳ ቪዲዮ ላይ፣ በዝናብና በዛፍ ጥላ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ጥላው አስፋልቱ ላይ የሚያሰምረውን ጠርዝ ፕሮግራሙ የመንገድ መስመር ነው ብሎ ሲይዘው ይታያል። ያ ለምን እንደሆነ፣ ቀለምን ከብርሃን ለይቶ ማየት ምን ያህሉን እንዳስተካከለና ምን ያህሉ እንደቀረ ከኮዱ ጋር ተጽፎ ሲቀመጥ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚወራበት ነገር አለ።