ቀለሙ ለምን ጭቃ ይሆናል? ስለ ሥዕል አሳሳል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀማሪ ሠዓሊ ሥዕሉ አልሆን ሲለው መጀመሪያ የሚጠራጠረው ተሰጥዖውን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚመጣው የቀለሙን ጠባይ ካለማወቅ ነው፦ ወዴት እንደሚያደላ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ በምን ላይ እንደሚቀባና እንደማይቀባ። ይህ ደግሞ ማንም ተምሮ የሚይዘው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ቶሎ የማይለቁንም ለዚህ ነው።

«ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ካሉኝ ማንኛውንም ቀለም አወጣለሁ»

ፓሌት (ቀለም የሚቀላቀልበት ሰሌዳ) ላይ ወደየትም የማያደላ ቀይ ወይም ሰማያዊ የለም። ካድሚየም ቀይ ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል፤ ክዊናክሪዶን ሮዝ ወደ ወይን ጠጅ። ፍታሎ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ አልትራማሪን ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ። ቢጫም እንዲሁ ነው፦ ሎሚ ቢጫ አረንጓዴ ቀመስ ሲሆን መካከለኛው ካድሚየም ቢጫ ብርቱካናማ ቀመስ ነው።

እንግዲህ ወይን ጠጅ ለማውጣት ካድሚየም ቀይን ከፍታሎ ሰማያዊ ጋር ቢቀላቅሉ የሚያገኙት ቡኒ ቀመስ የደፈረሰ ጥቁር ነው። ሁለቱም ወደ ቢጫው ወገን ያደላሉ፤ ቢጫ ደግሞ የወይን ጠጅ ተቃራኒ ስለሆነ ድብልቁ ይደበዝዛል። ክዊናክሪዶን ሮዝን ከአልትራማሪን ጋር ሲያደርጉት ግን የጠራ ወይን ጠጅ ይወጣል። ለአረንጓዴም ሕጉ ያው ነው። ሎሚ ቢጫና ፍታሎ ብሩህ አረንጓዴ ይሰጣሉ፤ ካድሚየም ቢጫና አልትራማሪን ደግሞ ሰከን ያለ፣ ወደ ወይራ ቅጠል የሚቀርብ አረንጓዴ። ሁለተኛው መጥፎ አይደለም፤ ለመልክዓ ምድር ሥዕል እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ዋናው ነገር አውቆ መምረጥ ነው።

ስለዚህ ከሦስቱ ቀለሞች ሁለት ሁለት ዓይነት፣ በዚያ ላይ ቲታኒየም ነጭና በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡኒ)፣ በድምሩ 8 ቱቦ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ሲገዙ በፊት ለፊቱ የተጻፈውን ስም ብቻ አይመኑ፤ የቱቦውን ጀርባ ያንብቡ፤ በውስጡ ያለው የማቅለሚያ ዱቄት ኮድ (በላቲን ፊደል፣ ለምሳሌ PB29) እዚያ ይገኛል። ፒቢ 29 አልትራማሪን ነው፣ ፒቢ 15 ፍታሎ ሰማያዊ፣ ፒአር 108 ካድሚየም ቀይ፣ ፒደብሊው 6 ቲታኒየም ነጭ። አንድ ኮድ ብቻ ያለበት ቱቦ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ጠርቶ ይወጣል። ሦስት አራት ኮድ የተደረደረበት ቱቦ ገና ሳይነኩት የተቀላቀለ ነውና በላዩ ሌላ ሲጨምሩበት ቶሎ ይደፈርሳል።

ሲቀላቅሉ ሁልጊዜ ከፈዛዛው ይጀምሩ። ቢጫውን ፓሌት ላይ ያድርጉና ሰማያዊውን በቢላዋ ጫፍ፣ የክብሪት ራስ የምታህል ብቻ እየጨመሩ ይሂዱ። ፍታሎ በጣም ጉልበተኛ ነው፤ ከሰማያዊው ጀምረው ቢጫ ሊያክሉበት ከሞከሩ የሚፈልጉት አረንጓዴ ላይ ሳይደርሱ ግማሽ ቱቦ ቢጫ ያልቃል።

«ጥላ ለመሥራት ጥቁር፣ ብርሃን ለመሥራት ነጭ መጨመር ነው»

ቢጫ ላይ ጥቁር ይጨምሩና ይመልከቱ፤ የሚወጣው አረንጓዴ ነው። አይቮሪ ጥቁር ሰማያዊ ቀመስ ስለሆነ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ እንደ ሰማያዊ ይሠራል። ቢጫን ማጥቆር ሲያስፈልግ ሮው አምበር (የአፈር ቡኒ)፣ ወይም በርንት ሲዬና ከትንሽ ወይን ጠጅ ጋር ይጠቀሙ። ቀይን ለማጥቆር ትንሽ አረንጓዴ ወይም አልትራማሪን ይሻላል። ለጥልቅ ጨለማ ቦታ ደግሞ አልትራማሪንን ከበርንት ሲዬና ወይም ከበርንት አምበር ጋር ያዋህዱ፤ ከጥቁር ብዙም የማይለይ፣ ግን ሰማያዊውን ሲያበዙት የሚቀዘቅዝ፣ ቡኒውን ሲያበዙት የሚሞቅ ጨለማ ያገኛሉ።

ይህን የሰሙ ሰዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው «ጥቁር ፓሌት ላይ መድረስ የለበትም» ይላሉ። ይህም ስህተት ነው። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (እ.ኤ.አ. 1860–1920) በስሙ የሚጠራው ፓሌት አራት ቀለም ብቻ ነው ያለው፦ ነጭ፣ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ቨርሚሊዮን ቀይና አይቮሪ ጥቁር። እዚያ ውስጥ ጥቁሩ የሰማያዊን ቦታ ይይዛል፤ ከነጭ ጋር ሲሆን ከሞቃታማዎቹ ቀለሞች አጠገብ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። የሚያበላሸው ጥቁርን ለሁሉም ጥላ እንደ አንድ መድኃኒት መጠቀም ነው።

ነጭም የራሱ ጣጣ አለው። ቀለም ያፈዛል፣ ድምቀቱንም ይቀንሳል፣ ያቀዘቅዛልም። ቀይ ላይ ነጭ ሲጨምሩ ሮዝ ይሆናል እንጂ ብርሃን ያረፈበት ቀይ አይሆንም። ሙቀቱን ለመመለስ ከነጩ ጋር ትንሽ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ያስገቡ። ዚንክ ነጭ ግን ለዘይት ሥዕል መሠረት አይሁን፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሚሆን ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል።

«ሥዕልን እውነተኛ የሚያስመስለው ዝርዝሩ ነው»

ጀማሪ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ተሠርቶ ፊቱ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ቅርጽ የሚወጣው ሠዓሊዎች ቶን በሚሉት፣ ማለትም አንድ ቦታ ከአጠገቡ ካለው ቦታ ምን ያህል እንደሚጠቁር ወይም እንደሚነጣ በሚለው ነው። ቶኑ ትክክል ከሆነ ፊትን በአረንጓዴ ቢሥሉትም ፊት ይመስላል። ቶኑ ከተሳሳተ ግን የቆዳው ቀለም የቱንም ያህል ቢስተካከል አያድነውም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሸራው ላይ ከመጀመርዎ በፊት የመጫወቻ ካርታ በምታህል ወረቀት ላይ ሥዕሉን በሦስት ደረጃ ብቻ ይሥሩት፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብሩህ። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ ቅርጾች ይቀራሉ፣ የሚሣሉትም እነሱን ነው። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ በስልክ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከታየ ሥዕሉ ለምን እንደፈዘዘ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ብሩሽም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትንሽ ብሩሽ ትክክለኝነት ይሰጣል ብለው በ2 ቁጥር አይጀምሩ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ የመጀመሪያውን ንብርብር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ብሩሽ ይጨርሱት። ትንሿ ብሩሽ የምትወጣው መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂት ጠርዞችና ለብርሃን ነጥቦች ነው።

«የቆዳ ቀለም ተዘጋጅቶ ይሸጣል»

በዚህ ስም የሚሸጠው ቱቦ አንድ ፈዛዛ ሮዝማ ቀለም ነው፤ በየትኛውም ሰው ፊት ላይ በሙሉ የሚሠራ አይደለም። የሎ ኦከር፣ በርንት ሲዬና፣ አልትራማሪንና ነጭ ካሉዎት ከፈዛዛው ቆዳ እስከ ጥቁሩ ድረስ ይደርሳሉ፤ ለጠይም ቆዳ በርንት ሲዬናና ኦከር ያመዝናሉ፣ ለጥቁር ቆዳ በርንት ሲዬናና አልትራማሪን መሠረት ይሆናሉ። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ከግንባር ይልቅ ይቀላሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያርፈውን አብረቅራቂ ብርሃን በነጭ ብቻ መሥራት ቆዳውን ዐመድ የነካው ያስመስለዋል። ያ ብርሃን የምንጩን ቀለም ይይዛል፤ ከክፍት ሰማይ የመጣ ከሆነ ሰማያዊ ቀመስ፣ ከመብራት ከሆነ ቢጫ ቀመስ ያድርጉት።

«የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ ይደርቃል»

አይተንም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል፤ ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ፍጥነቱም እንደ ቀለሙ ነው። በስሱ የተቀባ በርንት አምበር በውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ በአንድ ሁለት ቀን ሲነኩት እጅ ላይ የማይለቅ ይሆናል፤ አይቮሪ ጥቁር ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለምና የተለመደውን ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 እስከ 12 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

«ከታች የከሳ፣ ከላይ የሰባ» የሚለው ሕግም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ዘይት የበዛበት ንብርብር በዝግታ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይንቀሳቀሳል። በላዩ ዘይት ያነሰበት ፈጣን ንብርብር ከተቀባ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው እንቅስቃሴ ይሰነጥቀዋል። በተግባር ሲታይ የመጀመሪያውን ንብርብር በጥቂት ማቅጠኛ (እንደ ተርፐንታይን ያለ ፈሳሽ) ብቻ አቅጥነው ይቀባሉ፣ ሁለተኛውን ከቱቦ እንደወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት ይጨምራሉ። የሚጨመረው ዘይት ከቀለሙ አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ ከበዛ ሽፋኑ ይሸበሸባል፣ ይበልጥም ቢጫ ይሆናል።

ያልተዘጋጀ ሸራ ላይ በቀጥታ መቀባትም ከዚሁ ዘይት የተነሣ አይቻልም። ዘይቱ ክሩ ውስጥ ገብቶ ከጊዜ በኋላ ተሰባሪ ያደርገዋል። 2 ወይም 3 ዙር የአክሪሊክ ጌሶ (ሸራን ለቀለም የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) ይቀቡ፤ አንዱን ዙር ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ታች፣ በመካከል በስሱ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 3 ቀን ይጠብቁ።

«አክሪሊክና ዘይት ቀለም እንደፈለጉ ይደራረባሉ»

በአንድ አቅጣጫ ብቻ። በደንብ በደረቀ ስስ አክሪሊክ ላይ ዘይት ይቀባል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይያዝም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል።

አክሪሊክ ሲደርቅ እንደሚጠቁርም ብዙዎች አያውቁም። ቀለሙን የሚይዘው ሙጫ እርጥብ ሳለ ወተት የመሰለ ነው፤ ውሃው ሲወጣ ብርጭቆ ይመስላል፣ ነጣ አድርጎት የነበረው ነገርም ይጠፋል። ትናንት የተቀባን ቦታ ዛሬ ለማስመሰል ሲፈልጉ አዲሱን ድብልቅ ከሚያዩት ትንሽ አፍዝዘው ያዘጋጁ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁት፣ ከዚያ ያስተያዩት። የውሃ ቀለም ደግሞ በተቃራኒው ሲደርቅ ይፈዛል።

«የውሃ ቀለም ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ከተሳሳቱ ግን አይታረምም»

ሁለቱም አይደለም። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ቀላል ይመስላል እንጂ ጊዜን መቆጣጠር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሸነፉትም በወረቀቱ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ጎድጎድ ባለው ቦታ ይጠራቀማል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ቢቻል መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ ወረቀት ይያዙ። ወረቀቱ ትልቅ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አራቱንም ጠርዝ ውሃ ሲነካው የሚጣበቅ ሙጫ ባለው የወረቀት ቴፕ አጣብቀው ያድርቁት።

የአበባ ጎመን ቅርጽ ያላቸው ያልታሰቡ እድፎች የሚመጡት ግማሽ የደረቀ ቦታ ላይ ከእሱ የበለጠ የራሰ ብሩሽ ሲያርፍ ነው፤ አዲሱ ውሃ ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋዋል። ወረቀቱን ከጎኑ ዝቅ ብለው ይመልከቱት። ገጹ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለም መጨመር ይቻላል። ብልጭታው ሲጠፋ እጅዎን ይሰብስቡ፤ አደገኛዋ ሰዓት እሷ ናት። በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ቅዝቃዜ የማይሰማ ከሆነ ደርቋል፣ ቀጣዩን ንብርብር መቀባት ይችላሉ።

እርማት ሲያስፈልግ ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ቦታው ላይ ያሻሹ፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ በሶፍት ተጭነው ያንሡት፤ በሶፍቱ አይፈትጉት፣ ወረቀቱ ይላጣል። አልትራማሪን በቀላሉ ይነሣል፤ ፍታሎ ግን ወረቀቱን ያቀልመዋልና ከእሱ ብዙ አይጠብቁ።

«ሽታ የሌለው ማቅጠኛ ጉዳት የለውም»

ሽታው ቢወጣለትም እንፋሎቱ አለ። መስኮት ይከፈት፣ የማቅጠኛው ዕቃ ሥራ ላይ ካልሆነ ይከደን። ብሩሹን መጀመሪያ በጨርቅ በደንብ ጠርገው ከዚያ ቢያጥቡት የሚፈልጉት ማቅጠኛ በጣም ይቀንሳል፤ ቀጥሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ አረፋው ቀለም እስከማይይዝ ይታጠብ። ብሩሽን በፀጉሩ አቁሞ ውሃ ውስጥ ማሳደር ፀጉሩን አጣሞ ያስቀረዋል፣ እጀታውንም ያሳብጠዋል።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ የሚፈጥረው ሙቀት ክምሩ ውስጥ ይታፈናል። ጨርቁን ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ዘርግተው ያድርቁት፤ ካልሆነ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። ካድሚየም ያለበትን የደረቀ ሥዕል በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አይፈትጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።