የንግድ ቤት ኪራይ ውልን ለአዲስ ማኅበር ማስተላለፍ ምንድን ነው?

አንድ ነጋዴ ሥራውን በግል ስሙ ይጀምርና ሲጠናከርለት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማል። ቤቱ ያው ነው፣ ሠራተኞቹም ያው ናቸው። በሕግ ፊት ግን ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ የንግዱ ባለቤትና ማኅበሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የኪራይ ውሉ በባለቤቱ ስም እስከተፈረመ ድረስ፣ ማኅበር ስለተቋቋመ ብቻ ወደ ማኅበሩ አይዞርም። ውሉን ከነመብቱና ከነግዴታው ለማኅበሩ ማዛወር ነው ማስተላለፍ የሚባለው። ባለቤቱ ተከራይ እንደሆነ ቆይቶ ቤቱን ለማኅበሩ መልሶ ቢያከራይ ግን ማኅበሩ የተከራይ ተከራይ ነው፤ ከአከራዩ ጋር ያለው ውል አልተነካም።

አብዛኞቹ የንግድ ቤት ውሎች ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ማስተላለፍን ይከለክላሉ። አከራዩም ቢያመነታ አይፈረድበትም። እስከዛሬ ኪራይ ቢቋረጥበት የግለሰቡን ንብረት መከተል ይችል ነበር፤ አዲሱ ማኅበር ግን ካፒታሉ አነስተኛ ነው፣ የከፋይነት ታሪክም የለውም። ባለቤቱን «የግል ዋስ ሁን» የሚለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ነው። አከራዩ «ይተላለፍ» ማለቱ ባለቤቱን ከዕዳ ነጻ አያወጣውም። በብዙ አገሮች አሠራር የቀድሞው ተከራይ በግልጽ ካልተለቀቀ አዲሱ ሳይከፍል ሲቀር ተጠያቂነቱ ይቀጥላል። የ5 ዓመት ውል በ3ኛው ዓመት መጨረሻ ተላልፎ ማኅበሩ ወዲያው ቢከስር፣ አከራዩ የቀረውን የ2 ዓመት ኪራይ ከባለቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። የግል ንብረቱን ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ማኅበር ላቋቋመ ሰው ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በማስተላለፊያው ሰነድ ላይ «የቀድሞው ተከራይ ከዚህ ቀን በኋላ ከሚመጣ ግዴታ ሁሉ ነጻ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ አጥብቆ መጠየቅ ይገባል። አከራዩ ዋስትና ካልተሰጠኝ አልለቅም ካለም ዋስትናው ወሰን ይኑረው፦ ለተወሰኑ ወራት ኪራይ ብቻ፣ ወይም ማኅበሩ ለተወሰነ ጊዜ ሳያዛንፍ ከከፈለ በኋላ የሚያበቃ።

ለፊርማ አይቸኮልም። ማኅበሩ ሳይመዘገብ በስሙ የሚፈርም ሰው ዕዳውን በራሱ ላይ ሊያመጣ ይችላል። ከተመዘገበ በኋላም የማኅበሩ ሙሉ ስምና «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ማዕረግ ከፊርማው ጋር መጻፍ አለባቸው፤ ስምና ፊርማ ብቻ ከሆነ ማን እንደተዋዋለ ያከራክራል።

መያዣ ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ ለማኅበሩ መዞሩ በሰነዱ ይጠቀስ፤ አለዚያ ውሉ ሲያበቃ ማን እንደሚወስደው ጥያቄ ይነሳል። የመድን ውሉም በግለሰቡ ስም ከቀረ፣ ቃጠሎ ቢደርስ መድን ሰጪው ለማኅበሩ ዕቃ አልከፍልም ሊል ይችላል። ማኅበሩ በግለሰብ ስም ለተያዘ ቤት ኪራይ ሲከፍል ከቆየም የግብር መርማሪ ወጪውን ላይቀበለው ስለሚችል፣ ማስተላለፉ ከምዝገባው ብዙ ባይርቅ ይመረጣል።