በቅሎ፦ የፈረስና የአህያ ዲቃላ ባዮሎጂና የሕይወት ዑደት

ፋንታሲ የሚጽፍ ሰው ከሁለት ዘር የተገኘ አዲስ ፍጡር ሲፈጥር መጀመሪያ የሚያስቸግሩት ጥያቄዎች ይታወቃሉ፣ ከእናቱ ምን ወሰደ ከአባቱስ፣ መውለድ ይችላል ወይ፣ ስንት ዓመት ይኖራል። ለነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መልስ ያላት የእውነት ዲቃላ ደሞ እኛ አገር ኮርቻ ተጭኖባት ዳገት ስትወጣ የምናያት በቅሎ ናት። ብዙ ሰው ግማሽ ፈረስ ግማሽ አህያ ናት ብሎ ያልፋታል፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ በቅሎ ከሁለቱም የማይገኝ የራሷ ጠባይና አቅም ያላት እንስሳ ናት።

አባቷ ወንድ አህያ ነው፣ እናቷ ባዝራ ማለትም ሴት ፈረስ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ተረት የታወቀ ነው፣ እና ተረቱ አሽሙር ቢሆንም በባዮሎጂ በኩል ትንሽ እውነት አለው፣ ምክንያቱም በሴሎቿ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ በዛ በኩል በቅሎ ሙሉ በሙሉ ፈረስ ናት። የቀረው ግን እኩል ነው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ) አለው አህያ 62፣ ከእናት 32 ከአባት 31 ይመጣና በቅሎ 63 ይኖራታል።

መሃን የምትሆነው እዚህ ጋ ነው። የሰውነት ሴል ሲባዛ ያለውን ክሮሞዞም እንዳለ ኮፒ ስለሚያደርግ 63 መሆኑ ምንም አይጎዳም፣ በቅሎ ጤነኛ ሆና ታድጋለች ትሮጣለች ትሸከማለች። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚፈጠርበት ጊዜ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የእናት ክሮሞዞም ከአባት በኩል የመጣ ጥንዱን ፈልጎ መጣመር አለበት፣ የፈረስና የአህያ ክሮሞዞም ደሞ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በአደረጃጀትም ስለሚለያይ መጣመሩ ይሰናከላል፣ ሴሉም እዛው ይሞታል። ወንዱ በቅሎ የሚሠራ የዘር ፍሬ አይኖረውም ማለት ይቻላል፣ ሆርሞኑ ግን አለ፣ ስለዚህ ስለማይወልድ ብቻ ሳይኮላሽ ከተተወ ሲያድግ ኃይለኛና አደገኛ ይሆናል። ሴቷም እንደ ማንኛዋም ባዝራ ወንድ የመፈለግ ስሜት ሊመጣባት ይችላል፣ ማህፀኗም ጤነኛ ነው፣ እንደውም የፈረስ ፅንስ ተቀምጦላት ተሸክማ የወለደች በቅሎ አለች።

በተፈጥሮ የወለዱም አልጠፉም። በ2002 ሞሮኮ ውስጥ በ2007 ደሞ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በቅሎ ወልዳለች (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በኋላም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ግን ይሄ በጣም በጣም ብርቅ ነገር ነው፣ የጥንት ሮማውያን እንኳን መቼም አይሆንም ለማለት በቅሎ ስትወልድ ይሉ ነበር። ስለዚህ በቅሎ አያት በቅሎ የላትም የልጅ ልጅም አይኖራትም፣ እያንዳንዷ በቅሎ የመጀመሪያ ትውልድ ናት። ጥሩ በቅሎ አገኘሁ ብለህ ከሷ ዘር መያዝ አትችልም፣ ማድረግ የምትችለው ጥሩ ባዝራና ጥሩ አህያ መርጠህ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ከዚህ ያፈነገጠ አንድ መንገድ ተገኝቷል፣ በግንቦት 2003 አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይዳሆ ጄም የተባለ በቅሎ በክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ሴል ተነስቶ አምሳያውን በማስገኘት ተወለደ፣ ከፈረስ ቤተሰብ መጀመሪያ ክሎን የተደረገውም እሱ ነው፣ ፈረስ እንኳን የተከተለው በጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ነው።

ዲቃላ ሁሉ ግን መሃን ነው ማለት አይደለም፣ ፋንታሲ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አዋሽ ፓርክ አካባቢ አኑቢስና ሃማድርያስ የሚባሉት ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች ተዳቅለው ይኖራሉ፣ ዲቃሎቹም ይወልዳሉ ይዋለዳሉ። ዋናው ነገር ሁለቱ ወላጆች ምን ያህል ተራርቀዋል ነው።

ወደ በቅሎ ስንመለስ ማዳቀሉ ራሱ ሥራ ነው። አህያ ከአህያ ጋር ብቻ ካደገ ባዝራ ስታቀርብለት ዞር ብሎ ላያያት ይችላል፣ ለዚህ ነው በቅሎ አርቢዎች ለዚህ ሥራ ያሰቡትን ወንድ አህያ ከውርንጭላነቱ ጀምረው ከፈረሶች ጋር የሚያሳድጉት። በተቃራኒው ወንድ ፈረስ ከሴት አህያ ጋር ሲዳቀልም ይወለዳል፣ ግን የማርገዝ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ሰው አይሞክረውም፣ የሚወለደውም ብዙ ጊዜ ሰውነቱ አነስ ይላል፣ ምክንያቱም የሴት አህያ ማህፀን ጠባብ ነው፣ በዛ ላይ አንዳንድ ጂኖች ከእናት ወይስ ከአባት እንደመጡ አይተው ነው የሚሠሩት። ሁለት ወላጅ አንድ ዓይነት ሆኖ ማን እናት ማን አባት መሆኑ ብቻ ሌላ እንስሳ ይሰጣል፣ ለኔ ከዚህ ሁሉ ባዮሎጂ የሚገርመው ይሄ ነው።

እርግዝናው ከ11 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ውርንጭላዋ ከተወለደች አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቆማ ጡት ትፈልጋለች፣ እና እዚህ ጋ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። የአህያ ቀይ የደም ሴል ላይ ፈረስ የሌለው ምልክት አለ፣ ውርንጭላዋ ይሄን ከአባቷ ትወርሳለች፣ እናትየው ቀድሞ ከአህያ አርግዛ ደሙ ከደሟ ጋር ተነካክቶ ከነበረ ሰውነቷ ምልክቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል፣ ያ መከላከያ ደሞ በእንገሩ ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ በቅሎ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ትሆንና ቀጥለው የሚመጡት ላይ ችግሩ ይታያል። ውርንጭላዋ ስትወለድ ምንም አይላትም፣ ቆማ ጠብታ ተጫውታ፣ በቀን በሁለት ቀን ውስጥ ትደክማለች፣ ትተኛለች፣ ድዷን ገልጠህ ብታይ ነጭ ወይ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቷም ሊጠቁር ይችላል፣ ቀይ የደም ሴሏ እየፈረሰ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው ካወቁት፣ እንዲህ ዓይነት ስጋት ካለ ለመጀመሪያው ቀን ተኩል ሁለት ቀን የእናቷን ጡት እንዳትጠባ ማድረግና ከሌላ ባዝራ የታለበ እንገር መስጠት፣ ምክንያቱም አንጀቷ መከላከያውን ወደ ደም የሚያስገባው በመጀመሪያው ቀን ገደማ ብቻ ነው፣ እስከዛ የእናትየውን እንገር እያለቡ መድፋት ነው። ስንቷ ውርንጭላ ቡዳ በላት ተብላ በዚህ እንደሞተች ሳስብ ይቆጨኛል፣ ይሄ በየቀበሌው መነገር ያለበት ነገር ነው።

ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጡት ትተዋለች። ለኮርቻና ለከባድ ጭነት ግን አጥንቷ እስኪጠና መጠበቅ አለበት፣ 3 ወይም 4 ዓመት ሳይሞላት መጫን ዕድሜዋን መቀነስ ነው። ገበያ ላይ ገዢ መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን የሚያየው ለዚህ ነው፣ የፊት የወተት ጥርሶቿ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ ጥንድ በጥንድ እየተቀየሩ 5 ዓመት ሲሆናት አፏ ይሞላል፣ ከዛ በኋላ የሚታየው የጥርሱ መበላት ነው።

ስታድግ መልኳ ከሁለቱም ይታያል፣ ቁመቷና የሰውነቷ አሠራር ወደ ፈረስ፣ ጆሮዋና ቀጭን እግሯ ወደ አህያ፣ ሰኮናዋ ከፈረስ ጠበብ ብሎ ጠንካራ ስለሆነ ድንጋያማ መንገድ ላይ አይበገርም፣ ድምጿ ደሞ ሲጀምር ያሽካካል ሲጨርስ ያናፋል። ፈረስ የሚከሳበትን ገለባ በልታ ትወፍራለች፣ ስለዚህ ገብስ ማብዛት ይጎዳታል። እልኸኛ ናት የሚለው ስሟ ግን በደል ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፣ አህያ ቆሞ ያያል፣ በቅሎም ከአባቷ ይሄን ስለወሰደች መንገዱን ካላመነችው አትሄድም፣ ገደል አፍ ላይ ደሞ ይሄ ሕይወት ያተርፋል። በ2009 የታተመ ጥናት በቅሎ ምልክቶችን በዓይን ለይታ በመማር ከፈረስም ከአህያም እንደምትበልጥ አሳይቷል፣ ከሁለቱ አማካይ ሳትሆን ከሁለቱም በላይ ማለት ነው።

እኛ አገር መሬቱ ራሱ በቅሎ ይፈልጋል። ሰጋር በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መጓጓዣ ነበረች፣ ስትሰግር ሰውነት አይነቀንቅም ይባላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቅሎ ቤት የሚባል ሰፈር አለ፣ ዛሬም ስሜን ተራሮች ላይ የቱሪስቱን ዕቃ የምትሸከመው ላሊበላ ላይ ወደ አሸተን ማርያም ሰው የምታወጣው እሷ ናት። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ፈረስን ይጨርሳል፣ አህያ ብዙም አይታመምበትም፣ በቅሎ መሃል ላይ ናት፣ ትታመማለች ግን ከፈረስ የተሻለ ትተርፋለች፣ ቆላ ወርዶ ለሚነግድ ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

በደንብ ከተያዘች 30 ዓመት አልፋ እስከ 40 ትኖራለች፣ ከብዙ ፈረስ በላይ። ችግሩ ሕመሟን መደበቋ ነው፣ ፈረስ ሆዱን ሲያመው መሬት ላይ ይንከባለላል፣ በቅሎ ግን ዝም ብላ ትቆማለች፣ መብላት ካቆመች ወይም ከጓደኞቿ ከተነጠለች የዛኑ ቀን ሐኪም መጥራት ነው። ሐኪሙም የበቅሎን ነገር ካላወቀ ይቸገራል፣ ማደንዘዣ ለምሳሌ በፈረስ መጠን ሲሰጣት ብዙ ጊዜ አይበቃትም። ስታረጅ ጥርሷ ወጣ ገባ ሆኖ ጉንጯን ይቆርጣል፣ ያላመጠችው ገለባ ከአፏ ተድቦልቡሎ ሲወድቅ ካያችሁ ጥርሷ በሞረድ መስተካከል አለበት፣ እስከዛ መኖዋን አርሶና አድቅቆ መስጠት ይረዳታል።