ባረጁ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ገላ ላይ የድካም ስንጥቅ ፍተሻ

የአውሮፕላንን እርጅና በዓመት ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ገላውን ይበልጥ የሚያደክመው የተነሣበትና ያረፈበት ጊዜ ብዛት ነው። ሽቅብ በወጣ ቁጥር የውጩ አየር ይሳሳል፤ የመንገደኞቹ ክፍል ግን በግፊት አየር ስለሚሞላ ገላው በጥቂቱ ይነፋል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ሽቦ ሲያጥፍና ሲያቃና ያደገ ልጅ ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል። የብረት ድካም የሚባለው ይኸው ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የአልሙኒየም ቆርቆሮዎች ተደራርበው በተያያዙበት መስመር፣ ከሪቬት (ቆርቆሮዎቹን ከሚያያይዘው የብረት ችንካር) ቀዳዳ ጠርዝ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረው የአሎሃ ኤርላይንስ ቦይንግ 737፣ በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ 5.5 ሜትር ያህል ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ አብራሪዎቹ ግን ማዊ ደሴት ላይ አሳረፉት። አውሮፕላኑ ዕድሜው 19 ዓመት፣ የበረራው ብዛት ግን 89,680 ነበር፤ በአማካይ እያንዳንዱ በረራ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ጨው ባዘለው የሃዋይ አየር ቆርቆሮዎቹን ያያያዘው ማጣበቂያ ስለለቀቀ፣ ሸክሙ ሁሉ ሪቬቶቹ ላይ ወደቀ። ከጎረቤት ቀዳዳዎች የወጡ ጥቃቅን ስንጥቆች ተገናኙና መስመሩ ተቀደደ።

የፍተሻ የመጀመሪያው መሣሪያ ዛሬም ዓይን ነው። ባትሪው ከጎን ተጋድሞ ሲበራ፣ ከሥሩ ዝገት ያሳበጠው ቆርቆሮ በሪቬቶቹ መካከል እንደ ትራስ ጉብ ብሎ ይታያል። (በአሎሃው አደጋ ቀን አንዲት መንገደኛ ስትሳፈር ስንጥቁን አይታ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም።) ዓይን የማይደርስበትን ኤዲ ከረንት ይፈልጋል፦ ብዕር በሚመስል መመርመሪያ ውስጥ ያለች ጥቅል ሽቦ በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዙሪት ትፈጥራለች፤ ስንጥቅ ዙሪቱን ሲያውክ ምልክቱ ይዘላል። የድምፅ ሞገድ ደግሞ የማጣበቂያውን መልቀቅ ያሳያል።

ከባዱ ነገር መሣሪያው አይደለም። ከአደጋው በፊት ወጥቶ የነበረው መመሪያ 1,300 ያህል ሪቬቶችን አንድ በአንድ በዓይን ማየትን ይጠይቅ ነበር፤ ያውም ሌሊት፣ ከአውሮፕላኑ አናት ላይ እንዳይወድቁ በሃንጋሩ (በአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ) ጣሪያ ላይ በተያያዘ ገመድ ታስሮ። ሺህ ደህና ሪቬት ካየ በኋላ ቀጣዩን በእኩል ትኩረት የሚያይ ሰው ብርቅ ነው። ደግሞም መመሪያው ያስገደደው የተወሰኑ መጋጠሚያዎችን ብቻ እንጂ አደጋው የጀመረበትን አልነበረም።

የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ደንብ፣ አምራቾች ለየአውሮፕላኑ ዓይነት የማይታለፍ የበረራ ብዛት ወይም ሰዓት ወሰን እንዲያስቀምጡ አስገደደ። በቀጣዩ ዓመት ግን የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጣሪያ አሪዞና ሰማይ ላይ ተቀደደ። አውሮፕላኑ 40,000 በረራ እንኳን አልሞላም ነበር፤ መርማሪዎች ጥፋቱን ያገኙት ገና ሲመረት የጣሪያው ቆርቆሮ በተገጠመበት ሥራ ላይ ነው።