«የምወደው ጦርነት»፦ ስለ ፊልሙ እና ስለ ሶቪየት ልጅነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢልዜ ቡርኮቭስካ-ያኮብሰን ሶቪየት ስር በነበረችው ላትቪያ ያሳለፈችውን ልጅነት በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በአኒሜሽን ዶክመንተሪ ሰርታዋለች፣ ርዕሱ «የምወደው ጦርነት» ነው፣ አኔሲ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ላይም ተሸልሟል። ፊልሙን እዩት ባልኩ ቁጥር ግን ተመሳሳይ ነገር ነው የሚመለስልኝ።

«አኒሜሽን ከሆነ ፈጠራ ነው»
ኧረ አይደለም። አሜሪካዊው ካርቱኒስት ዊንዘር ማኬይ በእውነት የሰመጠችውን የሉሲታኒያ መርከብን አሰማመጥ በስዕል የሰራው በ1918 ነው፣ መርከቧ ስትሰምጥ የቀረፀ ካሜራ ስላልነበረ። ኢልዜ ፊልም ውስጥም ከስዕሉ ጎን በካሜራ የተቀረፁ እውነተኛ ሰዎችና ቦታዎች አሉ።

«የድሮ ቀረፃ ከስዕል የበለጠ ይታመናል»
እኔ የምር የምከራከረው እዚህ ጋ ነው። ያኔ ካሜራው የማን ነበር? የመንግስት! የሚቀረፀውም ሰልፍ፣ ሜዳልያ፣ ቀይ ስካርፍ ያሰሩና አበባ የያዙ ፈገግ ያሉ ልጆች ነው። በማርች 1949 በጥቂት ቀናት ውስጥ 42 ሺህ ገደማ ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ ከላትቪያ ተጭነው ወደ ሳይቤሪያ ሲጋዙ የዜና ፊልም አልተሰራላቸውም፣ ከዛ በኋላም እናትና አያት ማዕድ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ልጅ በሩ ጋ ቆሞ የሰማውን ማን ይቀርፀዋል? እሱ ያለው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወይ ይሳላል ወይ ይጠፋል።

«ሶቪየት ላትቪያን ነፃ አወጣ፣ በቃ»
ናዚ እዛ የፈፀመው፣ በተለይ የአይሁዶቹ ጭፍጨፋ፣ በፍፁም የሚካድ አይደለም፣ ናዚ መሸነፉም ትልቅ ነገር ነው። ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዛ በፊት ነው። ኦገስት 23 ቀን 1939 ስታሊንና ሂትለር በሚስጥር ምስራቅ አውሮፓን ተከፋፈሉ፣ በጁን 1940 ቀይ ጦር ላትቪያ ገባ፣ ጁን 14 ቀን 1941 ደግሞ 15 ሺህ ገደማ ሰው ተጋዘ፣ ልብ በሉ ጀርመን ሶቪየት ላይ ጦርነት የከፈተችው ከዛ ሳምንት በኋላ ነው። ይሄ ትምህርት ቤት አይነገርም ነበር። ኢልዜ ያደገችበት ኩርላንድ ደግሞ እስከ ሜይ 1945 ውጊያ ያልቆመበት አካባቢ ነው፣ መሬቱ በሬሳ የተሞላ፣ ልጆቹ ግን በቲቪ የሚያዩት ጀግንነቱን ብቻ።

«ፓዮነር (የሶቪየት ኮሚኒስት የልጆች ድርጅት አባል) የነበረ ሁሉ በስርዓቱ የሚያምን ነው»
ልጅ ስካርፉንም ካምፑንም ከልቡ ሊወድ ይችላል፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። አልገባም ማለት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ጣጣ ነበረው።

«ነፃነቱን ጎርባቾቭ ሰጣቸው»
የሶቪየት የመጨረሻ መሪ የነበረው ጎርባቾቭ በሩን ከፈት አድርጓል፣ እሺ። ግን ኦገስት 23 ቀን 1989፣ ያ የሚስጥር ውል ልክ 50 ዓመት ሲሞላው፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ከኢስቶኒያዋ ታሊን በላትቪያዋ ሪጋ አድርጎ እስከ ሊትዌኒያዋ ቪልኒየስ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመ። በጃንዋሪ 1991 ሪጋ ውስጥ ህዝቡ በትራክተርና በግንድ መንገድ ዘግቶ በብርድ አደረ፣ የሶቪየት ልዩ ፖሊስ ተኩስ ሲከፍት ከተመቱት መሀል አንድሪስ ስላፒንሽ እና ግቪዶ ዝቫይግዝኔ ነበሩ፣ ሁለቱም ዶክመንተሪ የሚቀርፁ ካሜራማኖች፣ ሁለቱም ህይወታቸው አለፈ። ሙሉ ነፃነት የታወጀው በዛው ዓመት ኦገስት ላይ ነው።