የኦፔራ ፖድካስት፦ የዕረፍት ሰዓት ወሬ ልጅ

“የኦፔራ ፖድካስት” ሲባል ብዙ ሰው ሙሉ ኦፔራ በስልክ የሚደመጥበት ነገር ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ኦፔራ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዱም ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፖድካስቱ፣ ማለትም ከኢንተርኔት የሚደመጠው ተከታታይ የድምፅ ፕሮግራም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይዘልም። ሥራው ስለ ኦፔራ ማውራት ነው። ሙዚቃው በቁንጽል ይገባል። ዕድለኛ ከሆንን መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ሳይቆረጥ ይለቀቃል። እኔ ለዓመታት ሳዳምጥ የኖርኩት ይህንኑ ወሬ ነው። አንዳንዴ ከኦፔራው ይልቅ ወሬው ይናፍቀኛል።

ለአዲስ ሰው ሁለት ሦስት ቃል ላስቀድም። ኦፔራ በዘፈንና በኦርኬስትራ የሚተረክ ቴአትር ነው። በ1590ዎቹ መጨረሻ ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ውስጥ ተጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማንም ከፍሎ የሚገባበት የመጀመሪያው ኦፔራ ቤት በ1637 ቬኒስ ላይ ተከፈተ። የኦፔራው ግጥም ሊብሬቶ ይባላል። አሪያ ደግሞ ታሪኩ ቆም ብሎ አንድ ሰው ብቻውን የልቡን የሚዘፍንበት ክፍል ነው። አሪያ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኦፔራን ቤት ተቀምጦ የመስማት ምኞት ከሬዲዮም ይቀድማል። በ1881 ፓሪስ ላይ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ነበር። ክሌማን አዴር የተባለ መሐንዲስ የኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ የስልክ ማይክራፎኖች ደረደረ። ሽቦውን በከተማው የፍሳሽ ቦይ አሳልፎ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ አደረሰው። ሰዎች በሁለት ጆሯቸው ሁለት ማዳመጫ ይዘው አዳመጡ። ዘፋኙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ በጆሮ ይለይ ነበር። ነገሩ ቴአትሮፎን ተባለና ከ1890 ጀምሮ በኩባንያ ደረጃ ለከፋይ ደንበኞች ይቀርብ ጀመር። ደራሲው ማርሴል ፕሩስት በ1911 ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። አንድ ምሽት ሲያዳምጥ ደስ የሚል፣ ግን ቅጥ ያጣ ጉምጉምታ ሰማ። ለካስ ዕረፍት ሰዓት ኖሯል! ሙዚቃ የመሰለው የተመልካቹ ወሬ ነበር። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም የፖድካስቱ ሥር እዚያ ዕረፍት ሰዓት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ሬዲዮው ተንፏቆ ነው የመጣው። በጃንዋሪ 1910 ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ ፈልሳፊ ከኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሽቦ አልባ ለማሰራጨት ሞከረ። ታላቁ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ኤንሪኮ ካሩሶ ከዘፈኑት መካከል ነበር። የሰሙት ግን ጥቂት ናቸው፤ ድምፁም የተቆራረጠ ነበር። በኦገስት 27፣ 1920 ደግሞ ቦነስ አይረስ ላይ ጥቂት ወጣቶች የቴአትር ጣሪያ ላይ አንቴና ሰቅለው የጀርመናዊውን አቀናባሪ የዋግነርን ኦፔራ “ፓርሲፋል” አሰራጩ። ማሰራጫቸው ኃይሉ አምስት ዋት ቢሆን ነው። “የጣሪያው እብዶች” የሚል ስም ወጣላቸው፤ ታሪክም በዚሁ ስም ያስታውሳቸዋል። እንግሊዞቹ በጃንዋሪ 1923 ከለንደኑ ኮቨንት ጋርደን የሞዛርትን “አስማተኛው ዋሽንት” አስተላለፉ።

ዋናው ነገር የሆነው ግን በገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25፣ 1931 ነው። ሜትሮፖሊታን “ሃንዘልና ግሬትል” የተባለውን ኦፔራ ሙሉውን በሬዲዮ ለቀቀ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ነበር፤ ቤቱም ገንዘብ ቸግሮት ነበር። ያ ጅማሮ የቅዳሜ ከሰዓት ስርጭት ሆኖ ዘለቀ። ቴክሳኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከ1940 እስከ 2004 ስፖንሰር አደረገው። ሚልተን ክሮስ የሚባለው አቅራቢ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በ1975 መጀመሪያ ላይ እስኪሞት ድረስ ከማይክራፎኑ አልተለየም። መጋረጃው እንዴት እንደተከፈተ፣ ልብሱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን በየት በኩል እንደገባ እየነገረ ለማያይ አድማጭ ዓይን ሆነለት።

ችግሩ ዕረፍት ሰዓቱ ነበር። ገቢሩ አልቆ መጋረጃው ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ወጣ ብሎ ይጠጣል፣ ያወራል። ሬዲዮ ላይ ያለው የት ይሂድ? ዝም ቢባል ጣቢያ ይቀይራል። ስለዚህ ያን ክፍተት በወሬ መሙላት ግድ ሆነ። የታሪኩ ማጠቃለያ፣ የዘፋኞች ቃለ መጠይቅ፣ የኦፔራ ጥያቄና መልስ ውድድር መጣ። አዋቂዎች እየተከራከሩ፣ እየተቀላለዱ ስለ ድምፅ ያወራሉ። ዘፈኑን ሳይሆን ይህንን ወሬ ብለው ሬዲዮ የሚከፍቱ ሰዎች ነበሩ። “ፖድካስት” የሚለው ቃል በ2004 ሲወለድ የኦፔራ ሰዎች አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለጋቸውም። ዕረፍቱን ከኦፔራው ገንጥለው ብቻውን አቆሙት።

ከሁሉም የተሻለው የቱ ነው ብትሉኝ ሳላመነታ “አሪያ ኮድ” እላለሁ። በ2018 መጨረሻ የተጀመረ ነው። ያዘጋጁት ደብሊው ኪው ኤክስ አር የሚባለው የኒው ዮርክ ክላሲካል ሬዲዮ ጣቢያና ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ናቸው። አቅራቢዋ ሪያነን ጊደንስ ናት። ኦበርሊን ኮንሰርቫቶሪ በሚባል የአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የኦፔራ ዘፈን ተምራ፣ ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ ይዛ ወደ ጥንታዊው የአሜሪካ ሕዝብ ሙዚቃ የሄደች ሴት ናት። ኋላም ራሷ ከሙዚቃ አቀናባሪው ማይክል ኤብልስ ጋር “ኦማር” የተሰኘ ኦፔራ ጻፈች። ኦማር ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰደ ሙስሊም ምሁር ነው። ሥራው በ2022 ቻርልስተን ላይ ቀርቦ በ2023 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። ይህን የምጠቅሰው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ላይ ስታወራ ኦፔራን እንደ ቅርስ ዕቃ ሳይሆን እንደሚሠራ ነገር ነው የምታወራው። ልዩነቱ ይሰማል።

አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አሪያ። አሪያውን የዘፈነው ሰው ጉሮሮው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ይነግረናል። አንድ የሙዚቃ አዋቂ ኖታውን ይፈታታል። አንዳንዴ ደግሞ ከኦፔራ ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው ይመጣል፤ ሕይወቱ ግን ከአሪያው ጭብጥ ጋር ይገጥማል። ሁሉም ካወሩ በኋላ አሪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለቀቃል።

አሁን ወደ አሪያ ልመለስ። የ“አስማተኛው ዋሽንት” የሌሊቷ ንግሥት የምትዘፍነውን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ያ እንደ ወፍ የሚንጫጫው ነው። ሞዛርት በሞተበት ዓመት በ1791 ለሚስቱ እህት ለዮዜፋ ሆፈር የጻፈው ነው። ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) እምብዛም የማትረግጠው ከፍተኛው “ፋ” ላይ ደጋግሞ ይወጣል። እኔ ጀርመንኛ አልችልም። ለዓመታት የደስታ ዘፈን ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስለዚህ አሪያ የሚያወራ ክፍል አዳመጥኩና ደነገጥኩ። ለካስ እናት ልጇ እጅ ላይ ጩቤ አስጨብጣ “ጠላቴን ካልገደልሽልኝ ልጄ አይደለሽም” እያለቻት ነው! ቁጣው ከመጠን ሲያልፍ ቃል ያልቃል፤ የሚቀረው “ሃ ሃ ሃ” ብቻ ነው። እኔ ወፍ የመሰለኝ እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ዘፈን ፈገግ ብዬ ሰምቼው አላውቅም።

ጆሮ ብቻውን ከዓይን የሚበልጥበት ጊዜም አለ። በቬርዲ “ላ ትራቪያታ” አንደኛ ገቢር መጨረሻ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቪዮሌታ “ሁሌም ነፃ ሆኜ እኖራለሁ” እያለች ስትፎክር የሚያፈቅራት የአልፍሬዶ ድምፅ ከውጭ፣ ከሰገነቱ ሥር ይመጣል። አዳራሽ ውስጥ ዘፋኙ ከመጋረጃ ኋላ እንደቆመ እናውቃለን። በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማው ግን ከልቧ ውስጥ የመጣ ይመስላል። ይህ ኦፔራ በ1853 ቬኒስ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ከሽፎ ነበር ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

ማዳመጫው የሚነፍገንም አለ። የኦፔራ ዘፋኝ ወደ 3,800 ሰው በሚይዝ እንደ ሜትሮፖሊታን ባለ አዳራሽ ያለ ማይክራፎን ነው የሚዘፍነው። ምስጢሩ ጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ድምፅ ጉልበቱ የሚበዛው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ ደግሞ 3,000 ኸርዝ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ያመጣል። እዚያ ኦርኬስትራው ስለሚሳሳ ድምፁ ሰንጥቆ ይወጣል። ፖድካስት ላይ ግን ሹክሹክታውም ጩኸቱም አንድ ዓይነት ተደርጎ ይስተካከላል። መንገድ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው ምቹ ነው፤ ያ የሰውነት ጉልበት ግን ይጠፋል። ምንም ማድረግ አይቻልም።

የተቀሩት ፖድካስቶች እንደ ባለቤታቸው ናቸው። ኦፔራ ቤቶች የሚያዘጋጁት ድምፁ የጠራ ነው፤ የራሳቸው ቅጂ አላቸው። ሐሜት ግን አይገኝባቸውም። ሁሉም ዝግጅት ድንቅ፣ ሁሉም ዘፋኝ ኮከብ ነው። የአፍቃሪዎቹ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የትኛዋ ሶፕራኖ ትበልጣለች እያሉ ሲሟገቱ ይመሻል። እውነቱን ለመናገር የሚያስቁኝ እነሱ ናቸው። ችግራቸው የቅጂ መብት ነው። የሞዛርት ድርሰት የማንም ነው፤ የተቀረጸው ድምፅ ግን ባለቤት አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1923 በፊት የተቀረጹ ድምፆች ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ስለዚህ ካሩሶ በ1902 ሚላን ላይ የቀረጻቸውን፣ እንደ እሳት የሚንጣጡ ቅጂዎች በነፃ ማሰማት ይቻላል።

ለመጀመር ያሰበ ሰው ካለ የእኔን አካሄድ ልንገረው። መጀመሪያ አሪያውን ብቻ፣ ምንም ሳላውቅ፣ አዳምጣለሁ። ከዚያ ወሬውን። ከዚያ እንደገና አሪያውን። አንዳንድ አቅራቢዎች የመጨረሻው ኖታ ሳይሞት “ይህ ነበር እንግዲህ” ብለው ዘው ይላሉ። ያኔ ፕሮግራሙን አጠፋና አሪያውን ሌላ ቦታ ፈልጌ ብቻዬን እሰማዋለሁ።