ሰውን ማዕከል ያደረገ የሥራ ምዘና ምንድን ነው?

በአካል ጉዳት ወይም በአእምሮ እድገት ውስንነት ምክንያት የድጋፍ አገልግሎት የሚያገኝ ሰው ሥራ ልፈልግ ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠብቀው ፈተና ነው። ቅርጽ ይለያል፣ ዕቃ ይደረድራል፣ ሰዓት ይያዝበታል። ውጤቱ ዝቅ ካለ "ለሥራ ገና ነው" ተብሎ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሰውን ማዕከል ያደረገ ምዘና የሚነሳው ሰውየው መሥራት ይችላል ከሚል ነው። የሚፈልገው የትኛው ሥራ፣ የት፣ በምን ዓይነት እገዛ እንደሚሆንለት ነው። ይህ ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ አይታወቅም። መዛኙ ሰውየው የሚውልበት ቦታ አብሮት ይሄዳል፤ ሲፈቅድለት የሚቀርቡትን ሰዎች ያነጋግራል፤ ከዚያ እውነተኛ የሥራ ቦታ ላይ እንዲሞክር ያደርጋል።

እንበል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አንድ ወጣት ፈተናው ላይ ቀርፋፋ ተባለ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሞክር ግን ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ማንም ሳይነግረው ነቅሶ ያወጣል። ጫጫታ ሲበዛ እጁ ይቆማል። በቃል የታዘዘው ይጠፋበታል፤ በሥዕል የተቀመጠለትን ግን እስከ መጨረሻው ይሠራዋል። ሪፖርቱ ላይ መግባት ያለበት ይሄ ነው። "ትኩረት ይጎድለዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ለማን ይጠቅማል? "ጸጥ ያለ ክፍል፣ በሥዕል የተሠራ የሥራ ዝርዝር" ከተባለ ግን ቀጣሪው ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመራማሪ ማርክ ጎልድ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉት የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተምሯል። ሥራውን በትንንሽ ደረጃ ከፋፍሎ ሲያሳያቸው ቻሉበት። የፈተና ውጤታቸው ይህን አይናገርም ነበር።

ሰውየውን ስብሰባ ላይ አስቀምጦ እሱ እየሰማ ስለሱ ማውራት ማዕከል ማድረግ አይባልም። (በጣም የተለመደ ነው፣ ያሳዝናል።) ግቡን የሚያወጣው እሱ ነው፤ መናገር ካልቻለ በሥዕል፣ በምልክት፣ ወይም የት ሲሆን ፊቱ እንደሚፈካ በማየት ይታወቃል። ሪፖርቱን ያየዋል፤ ካልተስማማም ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 የሚለውም በነፃ ስለተመረጠ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ያላዩትን መምረጥ አይቻልም። ዕድሜውን በአንድ የድጋፍ መስጫ ማዕከል የጨረሰ ሰው "ምን መሥራት ትፈልጋለህ?" ቢባል እዚያው ያየውን ይጠራል። ስለዚህ ከመጠየቅ በፊት የተለያዩ የሥራ ቦታዎችን ማሳየት ይቀድማል። ጊዜ ይበላል፤ አሠራሩን ብዙ ጊዜ የሚያሳጥሩትም እዚህ ጋ ነው። መጓጓዣውና "ደመወዝ ካገኘሁ ድጎማዬ ይቋረጥ ይሆን?" የሚለው ስጋትም ሥራው ከመመረጡ በፊት መነሳት አለባቸው።